የሚዜ ቀሚስ ቀለም፦ ስድስት ሴቶች፣ አንድ ጨርቅ

የጥር ሚዜ
ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ስድስት ሚዜዎች ነን። ሁለቱ ቀይ ናቸው፣ ሦስቱ ጠይም፣ እኔ ደግሞ ጠቆር እላለሁ። እህቴ ሻምፓኝ ቀለም ወዳ ጨርቁ ለሁላችንም ተገዝቷል። ያ በዥና ወርቃማ መሃል ያለው ፈዛዛ ቀለም ማለቴ ነው። የሚያብለጨልጭ ሳቲን ነው።

ትናንት ልንለካ ሄድን። ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣል ሲያደርጉልኝ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት የታመመ ሰው ፊት ነው። አመድ መሰልኩ። ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ ጎልቶ ወጣ። ቀይዋ የአክስቴ ልጅ ላይ ግን ያው ጨርቅ እንዴት እንዳማረ! ሰፊዋ አይታኝ «አንቺን እንኳ ቀለም ያስቸግራል» አለችኝ።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። አንድ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ቢጫ ሹራብ ተገዝቶልኝ ነበር። «ቢጫ ለጥቁር ሰው አይሆንም» ተባለና ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው ጥቁር፣ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ብቻ ነው። አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሳነብ «የእጅሽን ደም ሥር እዪ፤ አረንጓዴ ከሆነ እንዲህ ነሽ፣ ሰማያዊ ከሆነ እንዲያ ነሽ» ይላል። የእኔ ደም ሥር ቀለሙ አይለይም። ሁለት ነገር ነው የምጠይቃችሁ። ለእኔ የሚሆነውን ቀለም እንዴት ልወቅ? ደግሞስ የተገዛው ጨርቅ ምን ይደረግ? ገንዘቡ ተከፍሏል፣ እህቴንም ማስከፋት አልፈልግም።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 9፣ ምሽት 4፡05

እህቴ፣ ስለ ደም ሥሩ አትጨነቂ። እኔም እዚህ አሜሪካ ገንዘብ ከፍዬ «የግል ቀለም» የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያ ያየችው የእጄን ደም ሥር ነው፤ እሷም አልለይ አላት። ቆዳችን ውስጥ ያለው ሜላኒን በዛ ያለ ስለሆነ የደም ሥሩን ቀለም ይሸፍነዋል። መፈተኛው የተሠራው ፈዘዝ ያለ ቆዳ እየታየ ነው።

ይህ «ጸደይ ነሽ፣ ክረምት ነሽ» እያሉ ሰውን በወቅቶች የመክፈል ነገር በፈረንጆች በ1980ዎቹ ነው አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው። አሁን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ትልቅ ሥራ ሆኗል። ሥሩ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። ዮሐንስ ኢተን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሠዓሊ ነበር። በፈረንጆች ከ1919 እስከ 1923 ጀርመን ውስጥ ባውሃውስ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ተማሪዎቹ ቀለም በነፃነት እንዲመርጡ ሲፈቅድላቸው ብዙዎቹ የሚመርጡት ከራሳቸው ፀጉር፣ ዓይንና ቆዳ ጋር የሚስማማውን ሆኖ አገኘው። ከዚህ ተነሥተው ሌሎች ጸደይና መኸር ሞቃት (ወደ ቢጫ የሚያደላ)፣ በጋና ክረምት ቀዝቃዛ (ወደ ሰማያዊ የሚያደላ) እያሉ ሰውን አራት ቦታ ከፈሉት።

ስሙ ደግሞ እኛን ያሳስታል። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ድፍን ጥቁር፣ ንጹሕ ነጭና ደማቅ ሰማያዊ ነው። የእኛ ክረምት ግን ዝናብና ለምለም ሣር ነው። «ክረምት ነሽ» ሲሉኝ ሄጄ አረንጓዴ ገዛሁ! ድሮ ደግሞ ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ዓይን ያለውን ሰው በአብዛኛው «ክረምት» ውስጥ ነበር የሚከቱት። ከእኛ መካከል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ ስንቱ መልክ አለ? ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት አይሆንም።

ከዚያ ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፤ ጨርቅ ከአገጭ ሥር እየያዙ ማየት። እሱን ደግሞ ቤትሽ ማድረግ ትችያለሽ።


ሰፊዋ እናት
ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። አሁን ዓይኔ ደከም ስላለ ልጆቼ ናቸው መኪናው ላይ የሚቀመጡት፤ እኔ ጨርቅና ክር መምረጥ ላይ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ምንም ቀለም የማይሆነው ሰው መጥቶብኝ አያውቅም። ያች ሰፊ ያለችሽን ከልብሽ አውጪው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። ፀሐዩ ቀጥታ አይምታሽ፤ ብርሃኑ ብቻ ይድረስሽ። ፊትሽን ታጠቢና ቅባት ተቀቢ። ቆዳ ሲደርቅ የትኛውም ቀለም አመድ ያስመስላል። ብዙ ሰው ቆዳው ደርቆ ሳለ ቀለሙን ያማል። ሜካፕ አይኑር። ፀጉርሽን ቀለም ተቀብተሽ ከሆነ በነጭ ሻሽ ሸብ አድርጊው። የለበስሽው ልብስ እንዳያሳስትሽ ትከሻሽ ላይ ነጭ ነገር ጣል ይደረግ።

ከዚያ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ከአገጭሽ ሥር ያዢ። ዓይንሽ ጨርቁ ላይ እንዳይሄድ፤ ፊትሽን ነው የምታዪው። ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን መስመር፣ አገጭሽን እዪ። ቀለሙ የሚሆንሽ ከሆነ ፊትሽ ጥርት ይላል፣ ጥላው ይቀንሳል። ካልሆነ ጨርቁ ቀድሞ ይታይና ፊትሽ ከኋላ ይቀራል። ብቻሽን አታድርጊው። ደፍሮ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

በነጭ ጀምሪ። አንድ ከሱቅ የሚገዛ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ አንድ ደግሞ የእጅ ፈትል ነጠላ። ሁለቱም ነጭ ይባላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ፈትሉ ወደ ክሬም ያደላል። ፈትሉ ፊትሽን ካበራው ሞቅ ያሉትን ቀለሞች ፈልጊ፤ ሰናፍጭ፣ ጡብ፣ የወይራ ቅጠል፣ ቡናማ፣ ብርቱካን። በረዶው ነጭ ካበራው ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ጠንከር ያለ ሮዝ ላይ ሂጂ። ሁለቱም የሚሆኑለት ሰው አለ፤ ጠይም ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የወርቅና የብር ሐብልም ካለሽ ተራ በተራ አንገትሽ ላይ አድርገሽ እዪ።

ሻምፓኙ ያስቀየመሽ ፈዛዛ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጨርቁን ሳላየው መናገር ባይገባኝም፣ አብዛኛው ሻምፓኝ ውስጡ ግራጫ አለበት። ድፍርስ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ድፍርስ ቀለም አይወድም። ጥርት ያለ ውሃ ሰማያዊ ወይም ጥርት ያለ ቅቤ ቢጫ ግን ፈዛዛ ሆኖም ያምርበታል።

«ጥቁር ሰው ደማቅ አይልበስ» የሚለውንም እንዳትሰሚ። ጋሞዎች ዱንጉዛን ሲሸምኑ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አንድ ላይ አድርገው ነው። ሽሮ ሜዳ ሂጂና እዪው። ከጥቁር ቆዳ ጎን እንደዚያ የሚያምር ጨርቅ አላየሁም።


ዱባይ ያለሁት
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡15

እማዬ እንዳሉት ብርሃኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔ እዚህ ከገበያ ማዕከል የምገዛው ልብስ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ልዩ ነው፣ ቤት ሳመጣው ሌላ ቀለም ይሆናል። አሁን ለማየት ያሰብኩትን ይዤ ወደ በሩ፣ የቀን ብርሃን ወዳለበት እሄዳለሁ። ሻጮቹ አይከለክሉም፤ ለመጠየቅ ብቻ አትፈሩ። ለእናቴ የምልከውንም እንደዚያ አይቼ ነው የምገዛው።


ጨርቅ አቅላሚ
ኅዳር 10፣ ምሽት 2፡30

ሥራዬ ክርና ጨርቅ ማቅለም ስለሆነ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። እናታችን ያሉት እውነት ነው። ምክንያቱን ልጨምር።

ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው ታዋቂ የሽመና ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ በደንብ አልጠቆረም የሚል ቅሬታ መጣበት። ክሩን መረመረው። ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደከመው ከጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነው። ሼቭረል ይህንን በ1839 በፈረንጆች አቆጣጠር አሳተመ። እስከ ዛሬ እኛ የምንሠራው በዚያ ነው።

ወደ ፊትሽ እናምጣው። ከፈዛዛ ነገር ጎን ያለ ጠቆር ያለ ነገር የበለጠ ጠቁሮ ይታያል። ከአረንጓዴ ጎን ያለ ነገር ወደ ቅላት ያደላል። ከሰማያዊ ጎን ያለ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ስለዚህ ጥልቅ አረንጓዴ ስትለብሺ ቆዳሽ ውስጥ ያለው ቅላት ይነቃል። ጠይም ሴት አረንጓዴ ለብሳ ስታልፍ ሰው ዞሮ የሚያየው ለዚህ ነው። የአንቺ ሻምፓኝ ደግሞ ከቆዳ ቀለም ዘር ነው፤ ቡናማው ቡናማሽን ይሻማል። ከጎኑ ስትቆሚ ልዩነታችሁ የሚታየው በግራጫው ነው፤ አመዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ። ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል። ሳቲን ደግሞ በጣም ይመልሳል። አገጭሽ ሥር የሚወድቀው የጨርቁ ቀለም ያለበት ብርሃን ነው። ያው ቀለም በማያብለጨልጭ ክሬፕ ወይም በጥጥ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።

ስለ ነጩም ልበል። ፋብሪካ የሚወጣው ነጭ ላይ ብዙ ጊዜ ማንጫ ኬሚካል ይደረጋል። ይህ ኬሚካል ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። በረዶ የሚመስለው ለዚያ ነው። የእጅ ፈትል ግን የጥጡ የራሱ ቀለም ነው።


ነጠላ ለባሽ
ኅዳር 11፣ ጠዋት 2፡10

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ከብዶኛል። ቀለም ማማር ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰን ስንሄድ ይሆነኛል አይሆነኝም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ ስታርፍ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ያምርብኝ እንደሆነ አላሰብኩም። እህታችን ሠላሳ ዓመት «አይሆንሽም» ስትባል ኖራ አሁን ደግሞ በሌላ ደንብ «ይህ ነው የሚሆንሽ» ብትባል ያው እስር እንዳይሆንባት እፈራለሁ። የምትወጂውን ልበሺ እህቴ።


ሰፊዋ እናት
ኅዳር 11፣ ጠዋት 3፡00

እውነትሽን ነው ልጄ። እናትሽን ነፍስ ይማር። ሐዘንና ጸሎት ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ማማር አናወራም። ግን ይህች ልጅ የምትወደውን እንዳታውቅ ተደርጋ ነው ያደገችው። ቢጫውን ሳትሞክረው ነው የነጠቋት። እኔ የምላት ሁሉንም ፊቷ ላይ አድርጋ በራሷ ዓይን ትየው ነው። አይታ ግራጫዋን ብትመርጥ ምርቃቴ ነው።


ካሜራ ያዥ
ኅዳር 11፣ ምሽት 1፡45

የሠርግ ፎቶ አነሣለሁ። በዚህ ጉዳይ የእኛም ጥፋት ስላለበት ልናገር።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚሞክረው። ስድስት ሴቶች ፈዛዛ ልብስ ለብሰው ሲቆሙ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ቀይዋ ብዙም አይታይባትም። ጠቆር ያለችው ግን ፊቷ ይጠፋል። ከዚያ ፎቶዋን አይታ «ጥቁር ሆኜ ወጣሁ» ትላለች። ያጠፋው አንሺው ነው። ጥምቀት ላይ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች ፎቶ ሁሉ እንዲህ ነው። በስልክ ስታነሡ ፊቱን በጣታችሁ ንኩት፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ልብሱ ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፤ ፊቱ ይውጣ።

የፊልም ዘመንም እንዲህ ነበር። ኮዳክ የቀለም ማስተካከያ ካርዶቹ ላይ ለብዙ ዓመት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር የሚያደርገው። እሷ ቆንጆ ከወጣች ቀለሙ ትክክል ነው ይባል ነበር። የእናቶቻችን የሠርግ ፎቶ ላይ ፊታቸው ጨልሞ ጥርሳቸውና ቀሚሳቸው ብቻ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ የእናቴን ፎቶ እያየሁ ነው ይህን ሙያ የመረጥኩት።

ለሚዜዋ እህታችን፦ አዳራሹ ውስጥ ሐምራዊ መብራት ካለ አንሺያችሁን ቀድማችሁ አናግሩት። ሐምራዊ መብራት ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ጥሩ አይደለም። የፕሮግራሙ ዋና ክፍል ላይ ነጭ ወይም ሞቅ ያለ መብራት እንዲደረግ አዳራሹን መጠየቅ ይቻላል። ሣር ላይ ስትነሡም ሣሩ ከታች አረንጓዴ ብርሃን ወደ አገጭ ይልካል፤ ጠጠር ወይም ድንጋይ ላይ መቆም ይሻላል።


ሱፍ የሚለብስ
ኅዳር 11፣ ምሽት 2፡20

ለወንዶችም ይሠራል? እኔም ለሌላ ሠርግ ሚዜ ነኝ፣ ግራጫ ሱፍ ተመርጦልን ፊቴ ፈዞ ታየኝ።


ጨርቅ አቅላሚ
ኅዳር 11፣ ምሽት 2፡50

ይሠራል ወንድሜ። ፊትህ አጠገብ ያለው ሸሚዙና ከረባቱ ነው። ሱፉን ተወው፤ በረዶ ነጩን ሸሚዝ በክሬም ቀይረህ እየው። ከረባቱን ወይን ጠጅ አድርገው።


የጥር ሚዜ
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 8፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ጠዋት አደረግነው! ስድስታችንም እናቴ ቤት ተሰበሰብን። የእናቴን ነጠላዎች፣ የሶፋ ልብስ፣ የጎረቤት ሻርፕ፣ ያገኘነውን ጨርቅ ሁሉ መስኮቱ ጋ አመጣን። እህቴ እውነቱን ተናጋሪ ሆነች።

ፈትሉም በረዶው ነጭም ሆኑልኝ፤ በረዶው ግን በለጠ። ሰናፍጭ አልሆነኝም። የወይራ አረንጓዴ ጭራሽ አስረጀኝ። ጥልቅ አረንጓዴ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ «እህ!» አሉ። ደማቅ ሰማያዊውም እንደዚያው። ወይን ጠጁ አምስታችንን አበራን። ቀይዋን የአክስቴን ልጅ ግን ዋጣት፤ እሷ ላይ ፈካ ያለው ጽጌረዳ ቀለም ነው የሄደው። አምስታችን ላይ ያማረው ቀለም እሷ ላይ እንቢ ሲል ሳይ ገረመኝ። እስከ ዛሬ ለእሷ ሁሉም ነገር ይሆናል ብዬ ነበር የማምነው። እሷም «እኔም ቀይ ስለሆንኩ ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

መጨረሻ ላይ እህቴ ዝም ብላ ገብታ ቢጫ መጋረጃ ይዛ መጣች። የአደይ አበባ ቢጫ፣ ጥርት ያለ። አገጬ ሥር አደረገችው። እናቴ መጀመሪያ ምንም አላለችም። ከዚያ «ያንን ሹራብ መስጠት አልነበረብኝም» አለች። ታስታውሰዋለች ብዬ አልጠበቅኩም። አለቀስን።

ሻምፓኙን እንደገና ሞከርነው። ያው አመድ ነው። አሁን ምን እናድርግ?


ሰፊዋ እናት
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9፡10

እሰይ የእኔ ልጅ። እናትሽንም ሰላም በይልኝ።

ጨርቁ አይጣልም። ክፉው ያለው ፊት አጠገብ ሲሆን ነው፤ ከደረት በታች ያለው ፊትሽን አይነካም። አንገቱ ሰፋ ብሎ ይቆረጥ። ከአንገት እስከ ትከሻ ያለው የራስሽ ቆዳ ሲሆን ሳቲኑ ከአገጭሽ ይርቃል። ከዚያ አንገቱ ዙሪያና እጅጌው ላይ የአራት ጣት ስፋት ያለው ጥበብ ይግባ። ሸማኔው ለስድስታችሁም አንድ ዓይነት ንድፍ ይሥራ፤ የክሩ ቀለም ግን እንደየፊታችሁ ይለያይ። ሦስት ቀለም ይበቃል። ሦስት ቀለም አንድ ንድፍ ላይ ሲሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ስድስት ቀለም ግን ይበታተናል።

ነጠላ ትደርቡ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥለቱ ፊቴ አጠገብ ይምጣልኝ ብላችሁ ነጠላውን እንዳትዘቀዝቁት። እሱ የሐዘን አለባበስ ነው፤ ሠርግ ላይ አይሆንም።

የጾሙ ጊዜ ሸማኔዎች ለጥር ሠርግ ስለሚጣደፉ ዛሬ ነገ ሳትዪ እዘዢ።


የጥር ሚዜ
ኅዳር 17፣ ምሽት 1፡30

ታዘዘ! እህቴ ሐሳቡን ከሰማችው ጀምሮ ከሻምፓኙ ይበልጥ እሱን ወዳዋለች። ሦስቱ ጠይሞችና ሁለተኛዋ ቀይ ሴት ወይን ጠጅ፣ የአክስቴ ልጅ ጽጌረዳ፣ እኔ ቢጫ። አረንጓዴው የበለጠ ይሆናል ያሉኝ ነበሩ። ቢጫ ይሁን አልኩ። የክሩን ናሙና ዛሬ አመጣን።


ጨርቅ አቅላሚ
ኅዳር 17፣ ምሽት 2፡00

ክሩ ከመሸመኑ በፊት ናሙናውን ፈትሹት። ወይን ጠጅ ክር ቀለም የሚለቅ ከሆነ ፈዛዛ ሳቲን ላይ ጉድ ይሠራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳሙና አድርጋችሁ ለግማሽ ሰዓት ንከሩት። ከዚያ እርጥብ እያለ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ካውያ አሳርፉበት። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ክሩን መልሱ። ቢጫውንም ሞክሪው፤ እሱም አንዳንዴ ይለቃል።


የጥር ሚዜ
ኅዳር 17፣ ምሽት 2፡15

እሺ ወንድሜ። ውሃው ምድጃ ላይ ነው፣ ሦስቱንም አሁን እነክራቸዋለሁ።